ቃና ዘጃፓን

ሐምሌ 6 ቀን 2005

…እና ቄሱ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ እንዳኖሩ ‹‹ወዴት አገር ነው የሚሻገር?›› ብለው ጠየቁ፤ እኔ ‹‹ካናዛዋ›› ብዬ ሳልጨርስ እናቴ ‹‹ቃና ነው አባ፤ ቃና ዘገሊላ›› ብላ ቀደመችኝ። ቄሱም ‹‹ይኼስ ቃና ዘጃፓን ነው›› አሉ። ዳሱ ሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ልጇን ውኃው ወይን ወደሆነበት አገር እየላከች ምኑ ያስቃታል። ከዚያ አጎቴ ብርሌውን ይዞ ተነሣና…

ይኼን ትዝታ አልጨርሰውም። መጨረሻው ላይ የታረደ ወይፈን አለ።

ሰው ውጭ አገር ሲሄድ የዕለት ማስታወሻ ይይዛል አሉ። እኔም ውጭ አገር ነኝ፤ ከተወለድኩበት ከገሳይ ውጭ። ከሚያዝያ ጀምሮ ደብረ ታቦር ጭቃ ግድግዳ ያለው አንድ ክፍል ተከራይቼ ጃፓን እማራለሁ። ከእናቴ ደጅ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም።

ጉዳዩ አጭር ነው። ካናዛዋ ያለ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዕድል ሰጥቶኝ ነበር። የተወለድኩት በ1979 ነው፤ በኛ አቆጣጠር። አንድ ጸሐፊ ያንኑ ቁጥር ቅጹ ላይ እንዳለ በእነሱ አቆጣጠር ጻፈው። በአንድ ብዕር ሰባት ዓመት ከምናምን አረጀሁ፤ የትምህርት ዕድሉን የዕድሜ ገደብም ዘለልኩ። እስኪታረም ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ይህን አዲስ አበባ ላይ፣ ሻንጣዬን እንደያዝኩ፣ በጣም በትሕትና ነገሩኝ። ድግሱ ግን ተበልቶ አልቋል። የተበላ ድግስ የሚመልስ መሥሪያ ቤት የለም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። የገሳይ ሰው ለገበያ ይወርዳል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በሬን ዘግቼ ጃፓን ዋልኩ።

ሐምሌ 7

የእሑድ ስልክ። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ።

አንድ ነገር ልመዝግብ፤ እየደነቀኝ ስለሆነ። ጃፓን ከኛ ስድስት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ ሰዓት ስንቆጥር ከሌላው ዓለም ስድስት እንጎድላለን። ስለዚህ እናቴ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓትና ካናዛዋ ባቡር ጣቢያ የተሰቀለው ሰዓት ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ገሳይ ጠዋት ሦስት ሲል እዚያ ከሰዓት በኋላ ሦስት ይላል። ውሸት እንዲህ በተፈጥሮ ተመቻችቶለት ሲገኝ አለመዋሸት ምስጋና ቢስነት ነው። የምደውለው ቁጥሬ እንዳይታይ አድርጌ ነው፤ እኅቴ ትርንጎም ‹‹ከውጭ ሲደወል ቁጥር አይመጣም›› ብላ ለእናቴ አስረድታታለች። ትርንጎ አስተዋይ ልጅ ናት።

‹‹ዋልዬ፣ በላህ?››

‹‹በላሁ እማ።››

‹‹ምን በላህ?››

የሌላው ሰው እናት ‹‹በላሁ›› ሲሏት ትረካለች። የኔዋ ዝርዝር ትፈልጋለች። ደግነቱ ዩኒቨርሲቲው ለውጭ ተማሪዎች የላከልኝ መመሪያ አለኝ፤ ስልሳ አራት ገጽ፣ ከነካርታው። ገጽ ሠላሳ አንድን ገለጥኩ።

‹‹እንደ ባቄላ ያለ እህል ቀቅለው፣ ወቅጠው፣ አብላልተው፣ በሙቅ ውኃ በጥብጠው ይጠጡታል።››

‹‹ስልጆ ነዋ!››

‹‹እንደዚያ በይው።››

‹‹ሰናፍጭ ያደርጉበታል?››

‹‹አያደርጉም።››

‹‹እንግዲያ አልቻሉበትም።››

ዓሣ በጥሬው እንደሚበሉ ነገርኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ‹‹እኛስ በሬውን በጥሬው እንበላው የለ?›› አለች። ‹‹እነሱም በአቅማቸው ነው።›› የሚበሉት በሁለት ቀጫጭን እንጨት መሆኑን ስትሰማ ግን አዘነች። ‹‹እጃቸውን ምን አገኘው?››

መመሪያው በጋቸው ከባድ ሙቀት ነው ስለሚል ‹‹ይሞቃል፣ ላብ በላብ ነኝ›› አልኳት። ይህን ስል ሁለት ካልሲ አድርጌ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርኩ። ብርድ ልብሱ ለሌላም ይጠቅማል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ሲነሣ ያፍነዋል።

ምሳ፦ የጉና ድንች በጨው። ሦስት ፍሬ።

ሐምሌ 10

ተጣድፌያለሁ። የምሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ባለቤት ጋሽ ደምሴ ዛሬ አሥራ ሰባት ማመልከቻ አስተየቡኝ፤ እንደተለመደው ከኋላ ክፍል። አንድ ሽማግሌ ‹‹ልጄ፣ የተወለድኩበትን በኛ ጻፈው፤ የነሱ ያስረጀኛል›› አሉ። ጋሽ ደምሴ ከፊት ሆነው ‹‹አይሥጉ አባቴ! ዋልልኝ በዓመተ ምሕረት አይሳሳትም!›› ብለው ጮኹ።

አንገቴን ደፍቼ ተየብኩ።

ሐምሌ 14

ከተማ መጎብኘት የተማሪ ሕይወት ግማሽ ነው ይላል መመሪያው። ስለዚህ ትናንት ማታ የካናዛዋን ካርታ አጠናሁ፤ ዛሬ ገና ሳይነጋጋ ጃንጥላዬን ዝቅ አድርጌ ይዤ ወጣሁ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ‹‹ምሳህን ብትረሳ ጃንጥላህን አትርሳ›› የሚል የከተማዋ አባባል አለ። ይህን ያለ ሰው ደብረ ታቦርን በሐምሌ አይቷታል።

ትልቁ የአትክልት ሥፍራ፦ የኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ጥዶች። ጉሙ ግማሹን በልቶታል፤ ፎቶው ላይም እንዲሁ ነው። ወንዙ፦ ከመናኸሪያው በታች የሚግተለተለው ጎርፍ። ከወንዙ ማዶ የሻይ ቤቶች ሰፈር አለ ይላል። እኛም አለን። ገባሁና ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ሻይ በዳቦ በላሁ። አሳላፊዋ ‹‹ጋቢህን አታወልቅም?›› አለችኝ። ‹‹አሞኛል›› አልኳት። ብዙም አልዋሸሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረከብኩ። ወንዙን፣ ጥዱን፣ ሻይ ቤቱን።

‹‹ከማን ጋር ነው የተቀመጥክ?››

‹‹ብቻዬን።››

‹‹ምነዋ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ?››

መልስ ሳስብ ትርንጎ ስልኩን ነጠቀቻት። ‹‹ጋሼ፣ እዚያ ሴት ትቀጠራለች?››

ሳቅኩ። በጣም ጥሩ ሳቅ ነበር፤ የሩቅ አገር ሳቅ።

ሐምሌ 15

ማሬ ሰምታለች።

ማሬ ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ተከራይ ናት። ኩዌት አራት ዓመት ሠርታ ተመልሳ አሁን የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች። ክፍሎቻችን አንድ ኮርኒስ ነው የሚጋሩት፤ ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ አይደርስም። ለሦስት ወር ያወራሁት በሙሉ ከላይ ተሻግሮላታል።

ቧንቧው ጋ ጀሪካኗን ደቅና ‹‹ጃፓኑ፣ እንዴት አደርክ?›› አለችኝ።

ውኃው እስኪፈስብኝ ቆምኩ።

‹‹አትደንግጥ። ምግብ አታብዛ ልልህ ነው።››

‹‹ምን ምግብ?››

‹‹በስልክ የምትበላውን። በልቶ የሚያድር ሰው ስለ ምግብ እንዲህ አያወራም፤ ‘በላሁ’ ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። እኔ ለእናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ዶሮ በላሁ። ብታየኝ አጥንቴን በቆጠረችው።››

‹‹አመነችሽ?››

‹‹እሷማ እንጃ። የጎረቤታችን ልጅ ግን አመነች።››

‹‹ከዚያስ?››

ጀሪካኗን አነሣች። ‹‹ተራህ ነው፤ ቅዳ።››

ሰው የተጎዳ ሲሆን ሁሉንም ነገር በራሱ ይለካል። የኔ ጉዳይ የተለየ ነው። እኔ የምዋሸው ለጊዜው ነው።

ሐምሌ 21

ትርንጎ፦ ‹‹ጋሼ፣ ልሄድ ነው።››

‹‹ወዴት?››

‹‹ኩዌት። ደብረ ታቦር ታምራት የሚባል ሰው አለ፤ ወረቀቱን እሱ ይጨርሰዋል።››

‹‹የአሥረኛ ክፍል ውጤትሽ ሳይመጣ?››

‹‹ቢመጣስ? ያለፈ ሰው አስተማሪ ይሆናል። አስተማሪ ሆነህ አይተንሃል። ወዝ ያገኘኸው ስትወጣ ነው።››

‹‹አይሆንም!››

‹‹አንተ ወንዝ ተሻግረህ ሻይ ቤት ተቀመጥ፤ እኔ እበት ልዛቅ? እንዲያ ነው?››

በዚህ መሀል የእናቴ ድምፅ ከጀርባ ይሰማል። ‹‹ተይው፣ ልጄን አታስከፊው፤ በሰው አገር ነው።››

አስተምሬያታለሁ። ሰባተኛ ክፍል፣ ሦስተኛው ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል። የሚነገራትን ሁሉ የምታምን ተማሪ ነበረች። በሪፖርት ካርዷ ላይ ‹‹ጎበዝ፣ ታዳምጣለች›› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 28

ወሰንኩ። ከዛሬ ጀምሮ ጃፓን ረኃብ ገባ።

ሩዙ ሆዴን አልተስማማውም አልኩ። ስልጆው ይሸታል አልኩ። የተማሪዎች ምግብ ቤት ወረፋው ረጅም ነው፤ እኔ ስደርስ አልቆ ይጠብቀኛል። ሻይ ቤቱም ተዘግቷል። ወንዙ እንኳ ቀንሷል አልኩ፤ ወንዙ ምን እንዳደረገኝ እንጃ። ከስቻለሁ፣ ሱሪዬ በገመድ ነው የሚታሰር። ይህኛው እንኳ እውነት ነው፤ ስለዚህ በጣም ያልተዋጣልኝ እሱ ነበር።

ትርንጎ ጨርሼ እስክናገር ጠበቀችና ‹‹እኔ እንዳልሄድ ነው አይደል?›› አለች። ‹‹ስትጠግብ ነግረኸን፣ ተራዬ ሲደርስ ራበህ?››

እናቴ ደግሞ ‹‹በሶ እሰድልሃለሁ›› አለች።

‹‹አይደርስም እማ።››

‹‹እንዴት አይደርስም? ሰው ይሄድ የለ?››

እንድትተወኝ ብዬ ብቻ ነው። ደብረ ታቦር ማሬ የምትባል ሴት አለች፤ ለመንገደኛ ዕቃ እየሰጠች ወደ ውጭ ትልካለች፤ እሷ ጋ ብትሰጡት ይደርሳል አልኩ። ፀጉር ቤቱን ከነምልክቱ ተናገርኩ። ስሙ እውነት፣ አድራሻው እውነት። ከዋሸሁት ሁሉ እንዲህ ጥሩ የተሠራ የለም።

ለማሬ ነገርኳት። ‹‹ደግሞ ፖስታ ቤት አደረግከኝ?›› አለች። አልሳቀችም። ‹‹ዕቃ የሚመጣበት መንገድ ሰውም ያመጣል።››

ነሐሴ 3

ጾመ ፍልሰታ ገብቷል። ዝናብ። ድንች። ጋሽ ደምሴ ስለ ጾም ጥቅም ሰበኩን፤ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ። ስለ ትርንጎ አላሰብኩም። አለማሰቤን ሦስት ጊዜ ያህል አሰብኩበት።

ነሐሴ 8

አንድ ሰውዬ አሥራ አንድ የሴት ስም የያዘ ወረቀት አምጥቶ እያንዳንዱ ቅጽ ላይ እንዲሞላለት ጠየቀ። ጋሽ ደምሴ ‹‹ታምራት ደንበኛችን ነው፤ ቶሎ በል›› አሉኝ። በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ክፉ ሰው አይመስልም። ክፉ ቢመስል ደስ ይለኝ ነበር።

ሰባተኛዋ ትርንጎ ናት። የአባታችን ስም። ገሳይ። ዕድሜ 25።

እኅቴ ባለፈው ጥር አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት።

በቤታችን በወረቀት ማርጀት የዘር ነው እንግዲህ። (እኔን ያስረጀኝ ጸሐፊ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእጅ ጽሕፈቱ የኔን ይመስላል። ቅጹን የሞላሁት እንቅልፍ ይዞኝ ነበር። በጣም ይመስላል።)

‹‹አለቀ?›› አለ ታምራት።

‹‹የዚች ዕድሜ…››

‹‹ምን ሆነ?››

‹‹ምንም። በኛ ነው በነሱ?››

‹‹በሚያሳልፋት›› አለ። ጋሽ ደምሴ ከት ብለው ሳቁ።

ተየብኩት። አሥራ አንዱንም። አንድ ፊደል አልተሳሳትኩም።

ነሐሴ 12

ዕቃው ደረሰ። የሚኒባሱ ረዳት ‹‹ይኼ ጃፓን የሚሄድ ነው፤ ዝናብ እንዳይነካው›› እያለ እንደ ታቦት አክብሮ ፀጉር ቤቱ ድረስ አመጣው አለችኝ ማሬ። ሴቶቹ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ሆነው አጨበጨቡለት።

በሶ። ድርቆሽ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ስልጆ፣ ሰናፍጩ የበዛ፤ ‹‹ለነዚያ ሰዎች አሳያቸው›› የሚል መልእክት አለው። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አምስት ሙልሙል፣ ለነገው ቡሄ። ከረጢቱ ላይ በትርንጎ ጽሕፈት ‹‹ለዋልልኝ፣ ካናዛዋ፣ ጃፓን። በማሬ በኩል›› ይላል።

ማሬ ቋጠሮውን ፈትታ ሳትጨርስ ሁለቱን ሙልሙል በላሁ። ቆሜ። መሀሉ ገና ሙቀት ነበረው፤ ወይም መሰለኝ።

‹‹ጃፓን ለካ ቅርብ ናት›› አለች።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ልጆቹ ገና ከጠዋቱ ዱላቸውን እየመቱ ግቢው ውስጥ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቼ ደወልኩ። ስለ ዕቃው ቃል እንዳልተነፍስ ለራሴ ምዬ ነበር፤ ገና ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ መሆን አለበት።

‹‹ዋልዬ… ቡሄን ያለ ሙልሙል ዋልክ?››

ድምፅዋ ተሰበረ። በቃ ይኼው ነው ምክንያቱ።

‹‹ኧረ እማ! ያንቺን እየበላሁ! እንዳለ ነው፤ ገና አልደረቀም።››



‹‹አልደረቀም?››

‹‹ለስላሳ ነው›› አልኩ፤ ከዚያ አፌን ያዝኩ።

‹‹ትናንት ጠዋት ነው የሰደድነው›› አለች፤ ለኔ አልነበረም የምትናገረው።

‹‹አውሮፕላን ነው እማ።››

‹‹አውሮፕላን ነው›› አለች። ‹‹እውነትህን ነው፤ አውሮፕላን ነው።››

ውጭ ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

‹‹እዚያም ሆያ ሆዬ ይባላል?››

‹‹ቴሌቪዥን ነው።››

‹‹ይበሉ፣ ይበሉ፤ በዓል ነው።›› ከዚያም ‹‹በል ልጄ፣ ደራርበህ ልበስ፤ ብርዱ እንዳይመታህ።››

ይሞቃል ብያት ነበር። ረስታዋለች መሰለኝ፤ እርጅና ነው።

ነሐሴ 14

አልነቃችም። ብትነቃ ትጮህ ነበር። እናቴን አውቃታለሁ።

ነሐሴ 16

የጾሙ ፍቺ። ሁሉም ቤት ቅቤ ይሸታል።

እናቴ፦ ‹‹ትርንጎ ቅዳሜ ትወርዳለች። ማሬ ዘንድ ታድርና እሑድ ከሰዎቹ ጋር ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ።››

‹‹ማሬ ዘንድ ለምን?››

‹‹ደብረ ታቦር ሌላ ማን አለን?››

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ‹‹አለሽ?›› አልኳት።

‹‹አለሁ። እኔ የት እሄዳለሁ?››

‹‹እማ፣ አትሂጂ በያት።››

‹‹ስንቴ ልበላት? እኔ ከገሳይ አልወጣሁ፣ ምን አውቄ እነግራታለሁ? ታላቋ አንተ ነህ። ያየኸው አንተ ነህ።››

‹‹ነገርኳት እኮ። በስልክ ነገርኳት።››

‹‹በስልክማ ነገርካት›› አለች እናቴ።

ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ አሰብኩ። ማሬን አታውቃትም፤ የዕቃ ሰው መሆኗን ብቻ ነው የሰማችው። እኅቴን ለማታውቀው ሰው መስደዷ ይገርማል። ሌላ ማረፊያ አጥታ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ነሐሴ 17

ማሬ በሩ ላይ ቆማ፦ ‹‹የነገርኩህ የጎረቤታችን ልጅ ስሟ ሚሚ ነበር። ዶሮዬን ሰምታ የመጣችው። እኔ በእግሬ ተመለስኩ፤ እሷ በሣጥን።››

የበሩን መቀርቀሪያ ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁ።

‹‹ነገ ለእኅትህ ኩዌትን እኔ እነግራታለሁ፤ ሰምታ የቀረች ሴት ግን አላውቅም። እኔም ተነግሮኝ ነበር። ጃፓንን ግን አንተ ነህ የምትነግራት። እኔ ያንተን አፍ አልሆንም።››

‹‹ብታውቅ ለእማዬ ትነግራታለች።››

ማሬ አየችኝ። ከፀጉር ቤት የመጣ የተቃጠለ ፀጉር ትሸታለች። ‹‹አንተ እኮ የተማርክ ነህ›› አለችና ሄደች።

ውሳኔ፦ በማለዳ ተነሥቼ አንበሳሜ እሄዳለሁ። ሰው የማያውቀኝ ቦታ ነው፤ ጽሕፈት ቤትም አይጠፋም። ጃፓንን ወደ አንበሳሜ ማዛወር ይቻላል። መመሪያውን ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ።

ነሐሴ 18

በማለዳ ዘነበ። በሁለት ሰዓትም ዘነበ። በአራት ሰዓት አባራ፤ ግን ቅዳሜ ነው፤ መናኸሪያው በገሳይ ሰው ይሞላል። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ትርንጎ ማሬ ዘንድ መጣች። ድምፅዋ ከግድግዳው በላይ ተሻግሮ ወረደ። በስልክ ከማውቀው ይቀጥናል።

‹‹እት ማሬ፣ ጋሼን ታውቂዋለሽ?››

‹‹በድምፅ።››

‹‹ባየሽው! አስተማሪዬ ነበር። የተናገረው ሁሉ ከልብ አይጠፋም። ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ሻይ ቤት። ዛፎቹን ጉም ይበላቸዋል፤ ሰዉ ጃንጥላ ይዞ ብቻ ነው የሚወጣ። እኔም ስደርስ የመጀመሪያ ቀን ሻይ ቤት ገብቼ እደውልለታለሁ። ‘ጋሼ፣ እኔም ተቀመጥኩ’ እለዋለሁ።››

‹‹ብይ፤ ቀዘቀዘ።››

‹‹እየበላሁ ነው። እት ማሬ፣ ኩዌት በቀን ስንቴ ነው የሚበላ?››

‹‹ሲተርፍ።››

ትርንጎ ሳቀች። ቀልድ መሰላት። አፏ ምግብ እንደያዘ፣ ሙሉ ሳቅ፣ ትን እስኪላት ድረስ፤ ማሬ ጀርባዋን ስትመታላት እሰማለሁ።

ሻንጣዬን አነሣሁ። ጫማዬን አሠርኩ። ግቢው ጭቃ ነው። የማሬ በር ከበሬ አራት እርምጃ ነው፤ የግቢው መውጫ ሃያ ይሆናል። ሃያውን ለመራመድ ነበር የወጣሁት፤ ይህን በእርግጠኝነት መመዝገብ እፈልጋለሁ።

አንኳኳሁ።

‹‹ማን ነው?›› አለች ማሬ፤ ማን እንደሆነ እያወቀች።

ከፈተችው።

ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ጭኗ ላይ ሰሃን። ፀጉሯን ተቆርጣዋለች፤ ይህን ማንም አልነገረኝም። የጠቀለለችውን እንደያዘች ቀና አለች። መጀመሪያ ፊቴን አየች። ከዚያ ጫማዬን፣ ጭቃውን፣ ሻንጣውን። እንደገና ፊቴን።

‹‹ግባ እንጂ፤ ብርዱ ገባብን›› አለች ማሬ።

ገባሁ። ማሬ ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች፣ ‹‹ሱቅ ደርሼ ልምጣ›› አለች፣ በኔ በኩል አልፋ ወጣች፣ በሩንም ከውጭ ስባ ዘጋችው።